ኦሬሊድ ለመባል

በየዓመቱ ጥር ላይ፣ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ አዲሱን የስም ቆጠራ ሲያወጣ፣ ሃልቫር ኦሬሊድ መነጽሩን በሹራቡ ጫፍ ይወለውልና ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። ሌላው ሰው ገጹን የሚከፍተው ዓመቱ የየትኛው ሕፃን ስም እንደሆነ ለማየት ነው። ሃልቫር ግን የቤተሰቡን ስም ጽፎ ስንት ኦሬሊድ እንደቀረ ያያል። አምና አራት ነበሩ። በበጋው ግን ትሮንድሃይም ከተማ ያለው የአጎቱ ልጅ ፔደር ሞተ፤ ዘንድሮ ሃልቫር ስሙን ጽፎ ቁልፉን ቢጫን ጭራሽ ቁጥር አልመጣለትም። «ሦስት ወይም ከዚያ በታች» ይላል፣ አለቀ።

«ምን ማለቱ ነው?» አለ ሃልቫር። «ከዚያ በታች የሚለው እኔን ነው?»

አጠገቡ የተቀመጠችው ቲሪል ዋፍል በሚባለው ቂጣዋ ላይ ቡናማውን አይብ ስስ አድርጋ እየላጠች ሳቀች። «ከአራት ካነሳችሁ ቁጥራችሁን አይናገሩም። ማን እንደሆናችሁ እንዳይታወቅባችሁ ነው፤ ለእናንተው ተቆርቁረው።»

«ማን ደብቁኝ አላቸው? እኔ ይታወቅብኝ! የፖስታ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል እኮ!»

«አንተስ ምን አለብህ። ለእኛ እዘን እንጂ፣ ሃምሳ ሺህ ገደማ ሃንሰን! እኔ ነገ ብሞት ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።»

ቲሪል ሃንሰን የመንደሩ ባለሱቅ ልጅ ናት። በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ በጎቹ የሚወልዱበት ሰሞን ላግዝ ብላ ወደ ኦሬሊድ እርሻ ወጣች፤ ይኸው ሠላሳ ሞላት፣ እስካሁን አልወረደችም። ሃልቫር ሚስትም ልጅም የለውም። መጀመሪያ ሠራተኛው ነበረች፣ ኋላ ሸሪኩ ሆነች፣ አሁን ደግሞ እሷ ካልመጣች ቁርስ አይወርድለትም፤ ይሄንን ግን ብትገድሉት አይናገርም። በመጪው መኸር እርሻውን ሊያስረክባት ተስማምተዋል። በጎቹ ከተራራ ሲወርዱ እሷ ወደ ትልቁ ቤት ትገባለች፣ እሱ ጓሮ ወዳለው ትንሹ ቤት ይወጣል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው ያን ቀን፣ አይቡን ወደ ጎን አድርጋ። ፊቷ ቀላ። «እርሻውን ስረከብ ሃንሰን ሆኜ መረከቡ ቅር ይለኛል። በሰው ቤት የገባሁ እንግዳ ይመስለኛል። ኦሬሊድ ብባል ደስ ይለኛል። ካልፈለግህ ተወው፣ እንዳልሰማህ ሁን።»

ሃልቫር ዋፍሉን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። እንባው መጣበት። ከእሱ በኋላ ይሄ ቤት ኦሬሊድ የሚባል ሰው አጥቶ ባዶውን ይቀራል ብሎ ስንት ዓመት ሲብሰለሰል ኖሯል!

«እስቲ ይታያል» አለ። በእኛ ሸለቆ ይሄ ማለት ደስታዬ ወሰን አጣ ማለት ነው፤ እሷም ገብቷታል።

ስሙ ከሰው የመጣ አይደለም፣ ከመሬቱ ነው። ኦሬ ያ ጥቁሩ የዱር ዶሮ ነው፣ ሊድ ደግሞ ተዳፋት። በረዶው ሊቀልጥ ሲል አውራዎቹ በማለዳ ከቤቱ በላይ ያለው ተዳፋት ላይ ተሰብስበው፣ ላባቸውን ነፍተው፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየዘለሉ ይጨፍራሉ። ከስንት መቶ ዓመት በፊት አንዱ ገበሬ ይሄንኑ አይቶ ቦታውን እንዲያ ብሎት ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ዱሮ እዚህ ቤት የኖረ ሁሉ ኦሬሊድ ይባል ነበር፤ ለቆ የሄደ ደግሞ የሄደበትን እርሻ ስም ይይዛል። የሃልቫር አያት ራሱ ከተራራው ማዶ የመጣ ሎሌ ነበር። ባሏ የሞተባትን የኦሬሊድ ባለቤት አገባና በማግስቱ ኦሬሊድ ሆነ፤ የቀድሞ ስሙን የሚያስታውስ እንኳ ጠፋ። መቶ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ መንግሥት ሁሉም ሰው አንድ የማይለወጥ የቤተሰብ ስም ይያዝ አለ፤ ያን ጊዜ ስሙ ከመሬቱ ተላቆ ከሰው ጋር ከተማ ለከተማ መዞር ጀመረ። የዛሬው ሕግ ደግሞ፣ ሁለት መቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ሰው የያዘውን ስም ሌላ ልውሰደው ቢል፣ ባለስሞቹ በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ይሁን ማለት አለባቸው ይላል። አንዱ እምቢ ካለ በቃ፣ ነገሩ ቀረ።

በሕይወት ያሉት ኦሬሊዶች እንግዲህ ሃልቫር፣ ደሴት ላይ ዓሣ የሚያረባው የሩቅ ዘመዱ አርንፊን፣ በርገን ከተማ ያለችው ታላቅ እህቱ ጉድሩን፣ እነዚህ ብቻ ናቸው።

አርንፊን አላስቸገረም። ስልኩን ያነሳው ጀልባ ላይ ሆኖ ነው። «ትውሰድ! የእኔንም ትውሰድ!» ብሎ በንፋሱ መሃል ጮኸ። «ልጅቷ ቆንጆ ናት?»

«ካንተ አጠገብ በጎቼም ቆንጆ ናቸው።»

«በል ወረቀቱን ላከው። ዓሣ ዓሣ እየሸተተህም ቢሆን ትቀበለዋለህ።»

ጉድሩን ግን ሌላ ነገር ናት። በአራት ዓመት ትበልጠዋለች። በልጅነታቸው በጉን ሁሉ በመልኩ የምትለየው እሷ፣ ከአባታቸው ጋር አጥር ስትጠግን የምትውለው እሷ፣ ሃልቫር በረደኝ ብሎ ምድጃ ሥር ሲወሸቅ በጆሮው ጎትታ የምታወጣው እሷ ነበረች። ያኔ ግን ሕጉ ታላቅ እህት እያለች እርሻውን ለወንዱ ይሰጥ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በፊት አንድ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ አባታቸው አፉን ጠርጎ «ሃልቫር፣ እርሻው ያንተ ነው» አለ። ጉድሩን ሳህኑን አጠበች፣ አደረቀች፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ደረደረች፤ ሳምንት ሳይሞላ ሻንጣዋን ይዛ በርገን ገባች። መምህርት ሆነች፣ አገባች። ባሏ ስሜን ውሰጂ ቢላት «በስሜ አትምጣብኝ» ብላ አፉን አስያዘችው። ልጅ አልወለዱም፣ ባሏም ሞተ። ወንድምና እህት ተጣልተው አያውቁም። ለገና ካርድ ይላላካሉ፣ ቀብር ላይ ይገናኛሉ፣ ስለ ጤና ይጠያየቃሉ። ስለ እርሻው ግን አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

«ደውልላት እንጂ» አለችው ቲሪል።

«ሰው ማስቸገር ምንድን ነው?»

«እህትህ እኮ ናት!»

«ለዚያ ነው እኮ! ብደውልላት እምቢ ማለት ያሳፍራታል። ወረቀት ከላክሁላት ግን ነጻ ናት፣ በጊዜዋ ታየዋለች።»

እንዲህ ነው እንግዲህ እኛ ሰው ስናከብር! ሃልቫር የፈቃዱን ቅጽ ፖስታ ውስጥ ከተተ። የት እንደምትፈርም ፍለጋ እንዳትደክም ብሎ ቦታው ላይ በእርሳስ ትንሽ መስቀል አደረገላት። ቴምብር የተለጠፈበት መመለሻ ፖስታም ጨመረ። ሰላም ለአንቺ ይሁን እንኳ ብሎ አልጻፈም፤ መጻፍ መጫን መሰለው። ከፖስታ ቤቱ ሲወጣ በገዛ ጨዋነቱ ረክቶ፣ እያፏጨ ነበር።

ወረቀቱ አልተመለሰም። መጋቢት ላይ፣ ግርግሙ አካባቢ በጎቹን እየመገበ ሳለ፣ ጉድሩን ራሷ ደወለች።

«ቲሪል ሃንሰን ማናት?»

«ደህና ነሽ ወይ እቴ?»

«ደህና ነኝ። ማናት?»

«እርሻውን የምትረከበው ልጅ ናት። የባለሱቁ ልጅ። ጎበዝ ናት፣ ብታዪያት…»

«ሴት ልጅ ናት።»

«አዎ፣ ሴት ናት።»

«አሃ» አለች ጉድሩን። «አሁን ለሴት ይሆናላ።»

እዚህ ላይ ሃልቫር አፉን ቢዘጋ ምን ነበረበት! ግን ክረምቱን ሙሉ ሲያሰላስለው የቆየ ክርክር ነበረው፤ ጥሩ ክርክር መስሎታል። «ስሙ እኮ የመሬቱ ነው፣ እቴ» አለ። «በዱሮው ደንብ ኦሬሊድ የሚባለው እዚህ የሚኖረው ነው። አያታችንስ ከማዶ የመጣ አይደል? የገባ ይይዘዋል፣ የሄደ ይተወዋል።»

ጉድሩን ቀስ ብላ፣ ልጆች ፊት እንደምታነብ አድርጋ ቃሉን ደገመችው። «የሄደ ይተወዋል። እንግዲያማ እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰው ስም ሰርቄ ነው የኖርሁት።»

«ኧረ እንዲያ ማለቴ አይደለም!»

«እርሻውን ወሰድህ፤ ይሁን፣ ሕግ ነበር። እኔ ከዚያ ቤት ይዤ የወጣሁት ስሙን ብቻ ነው። አሁን ደግሞ መስቀል አድርገህ፣ ቴምብር ለጥፈህ፣ እዚህች ላይ ፈርሚ ትለኛለህ? አልፈርምም፣ ሃልቫር። እምቢ።» ስልኩ ተዘጋ።

ሃልቫር ባልዲውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ለቲሪል ሲነግራት «ተወው፣ ሃንሰን ሆኜ እሞታለሁ፤ ሃምሳ ሺህ ዘመድ ይዤ ብቸኝነት አያጠቃኝም» ብላ ሳቀችለት። ግን ያን ከሰዓት ጋጣውን ስትጠርግ አካፋውን ከግድግዳው ጋር የምታጋጨው ድምፅ እስከ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። አንጀቱን በላችው። ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው! ምን ብሎ ይጀምር? ክፉ ነገር አለመናገሩን ያውቃል፤ ያጠፋው ምኑ ላይ እንደሆነ ግን አልገባውም። በዚያ ላይ አንዴ ያስከፋትን ሰው ደግሞ ደውሎ ማስቸገር በእሱ ቤት ነውር ነው።

እንዲህም ሆኖ ደግ በጋ ነበር። ሣሩ ሁለት ጊዜ ታጨደ፣ ዝናቡም ድርቆሹ ጎተራ እስኪገባ ታገሠ። ቲሪል የትንሹን ቤት ግድግዳ ቢጫ ቀባችለት። እሱ «የካናሪ ወፍ ልታደርጊኝ ነው?» እያለ አጉረመረመ፤ ከሁሉም ይልቅ የወደደው ግን ቀለሙን ነበር።

በመስከረም በጎቹን ከተራራ የሚያወርዱበት ቀን ደረሰ። በእኛ ሸለቆ ያን ቀን እግር ያለው ሁሉ ይወጣል። ጎረቤቱ በጠዋት ተሰባስቦ ተራራውን ከበበ፣ ሃልቫር ከመንጋው በስተኋላ ሆነ፣ ቲሪል ታች ከቤቱ አጠገብ ቆማ ማጎሪያውን ያዘች። አንዲት አስቸጋሪ ቦታ አለች። በጎተራውና በድንጋዩ አጥር መሃል ክፍተት አለ፤ መንጋው ማጎሪያው ደጃፍ ላይ ደርሶ ከደነገጠ በዚያች ሾልኮ ወደ መኪና መንገዱ ይወርዳል፣ የበጋው ሥራም አፈር ይበላል። ክፍተቷን ሁልጊዜ የሚይዘው ጎረቤት ያን ጠዋት ተራራው ላይ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይራገማል። ቲሪል ይሄን የሰማችው የበጎቹ ደወል አፍንጫዋ ሥር ሲደርስ ነው።

ዞር ስትል ሰማያዊ ኮት የለበሰች አሮጊት ከአውቶቡስ ማቆሚያው ሽቅብ ስትመጣ አየች። የከተማ ሰዎች ተራራ ለመውጣት በዚያ ያልፋሉ፤ በር ከፍተው ሳይዘጉ የሚሄዱትም እነሱ ናቸው።

«አንቺ! ባለ ሰማያዊ ኮቷ!» ቲሪል ጮኸች። «እዚያ እንደ ግንድ አትገተሪ! ክፍተቷ ውስጥ ግቢ! እጅሽን ዘርጊ! ዘርጊ እንጂ!»

ሃልቫር ይሄን ሁሉ ከላይ ከዳገቱ ያየዋል። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ድንጋይ ላይ ወርውራ ክፍተቷ ውስጥ ገባች። ደወል ያሰረችው መሪ በግ ማጎሪያውን አይታ ደነገጠች፣ ታጠፈች፣ መንጋውን አስከትላ ቀጥ ብላ ወደ ሴትዮዋ መጣች። ሃልቫር «አለቀልን» አለ በልቡ። ሴትዮዋ ግን አልሸሸችም። እጆቿን እስከ መጨረሻ ዘረጋች፣ ከዚያ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ከፍ የሚል ድምፅ አወጣች፦ «ቲካ፣ ቲካ፣ ቲካ!»

ይሄን አጠራር ሃልቫር ከእናቱ አፍ ነው የሚያውቀው። ከእናቱ የተማሩት ደግሞ እሱና አንድ ሌላ ሰው ናቸው። መሪዋ በግ ቆመች፣ ጆሮዋን አቆመች፣ ዞር ብላ በደህና ወደ ማጎሪያው ገባች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሃልቫር ዱላውን ተደግፎ ቆመ።

ቲሪል በሩን ቀርቅራ በላብ ተጠምቃ እየሮጠች መጣች፣ የሴትዮዋን እጅ ጨብጣ ነቀነቀችው። «ከሰማይ የወረድሽ መልአክ ነሽ! እንዳንቺ ያለ መንገደኛ አይቼ አላውቅም። ቲሪል እባላለሁ።»

«ጉድሩን ኦሬሊድ» አለች ሴትዮዋ።

የቲሪል አፍ ተከፍቶ ቀረ። «ወይኔ ጉዴ።»

«እንደ ግንድ አትገተሪ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ… ብዬሻለሁ።»

«ልክ ነሽ። ተገትሬ ነበር።»

ሃልቫር በዚህ መሃል ደረሰ። ሃምሳ ዓመት እዚህ ግቢ ያልረገጠች እህቱ ፊት ቆመ። ቁልቁል አየ። «ጫማሽ ረጠበ እኮ» አለ።

«ረጠበ» አለች ጉድሩን።

«ግቢ በያ። በግና ጎመን ተቀቅሏል።»

ጎረቤቱ በልቶ፣ ቀልዶ፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትንም በሚገባ አሹፎበት በየቤቱ ሄደ። ጉድሩን የሃልቫርን የሱፍ ካልሲ አጥልቃ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ስትበላ ቤቱን ዙሪያውን ታየዋለች፤ ቁም ሳጥኑ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ቆየ። ምግቡን አመስግና፣ ሁለተኛም ተጨምሮላት፣ ሳህኗን ገፋ ካደረገች በኋላ ቦርሳዋን ከፍታ ያንን ቅጽ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የእርሳሱ መስቀል አሁንም አለ። ፊርማ የለበትም።

«የመጣሁት ልጅቷን ላያት ነው» አለች። «አየኋት። ጥሩ ናት፣ ትጮኻለች። የዚህ ቤት ሴት መጮህ አለባት።»

«እና ትፈርሚያለሽ?» አለ ሃልቫር ቸኩሎ።

«አየህ!» ጉድሩን ጠረጴዛውን መታች። «አየህ አሁንም! ያን እሑድ አባባ ሲናገር አጠገብህ ነበርሁ፣ እዚህችው ወንበር ላይ። ጉድሩን፣ አንቺስ ትፈልጊዋለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ጠይቀው እምቢ ቢሉኝ ምን ነበረበት! አባባ አልጠየቀኝ፣ እማማ አልጠየቀችኝ፣ አንተም አልጠየቅኸኝ። ዘንድሮም ወረቀት መጣልኝ፣ መፈረሚያዬ ተመልክቶልኝ።»

ሃልቫር ጆሮው ድረስ ቀላ። «ላስቸግርሽ ስላልፈለግሁ ነው፣ እቴ።»

«አስቸግረኝ እንጂ! ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ማን ያስቸግረኝ?»

ሃልቫር ያን ጊዜ ነው የገባው። ጥር ላይ ይሄን ወረቀት በምን ጨዋነት እንዳሸገው ትዝ ሲለው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። «ትፈልጊው እንደነበር አውቅ ነበር» አለ። «ከእኔ ይልቅ ላንቺ ይገባ ነበር።»

ቲሪል ከወንበሯ ተነሳች። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገችና ከጠረጴዛው ማዶ፣ ጉድሩን ፊት ለፊት ቆመች። በጎቹ ፊት እንዲያ የጮኸችው ልጅ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጉድሩን» አለች። «ይሄን እርሻ ልረከብ ነው። እዚህ መኖር እፈልጋለሁ፣ እዚህ ማርጀትም እፈልጋለሁ። ኦሬሊድ እንድባል ትፈቅጂልኛለሽ? እምቢ ማለት ትችያለሽ። እምቢ ብትይኝም በየዓመቱ መስከረም ክፍተቷን የምትይዢልኝ አንቺ ነሽ።»

ጉድሩን መነጽሯን አውልቃ ያዘችው። ሃልቫር ፊቷን አይቶ እምቢ ልትል ነው አለ በልቡ።

«ድገሚልኝ» አለች ጉድሩን።

«ምኑን?»

«ጥያቄውን። እንደገና ጠይቂኝ።»

ቲሪል ደገመችላት፣ ከቅድሙ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ለየት አድርጋ። ጉድሩን ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ ጉንጯ ረጥቦ ነበር፣ አልጠረገችውም።

«ስለዚህ ቤት ሰው ፈቃዴን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። «አዎ። እፈቅድልሻለሁ፣ ልጄ። አዎ።»

ሃልቫር እስክሪብቶ ላምጣ ብሎ ተነሳ፣ መሳቢያውን ከፈተ፣ ጀርባውን እንደሰጣቸው እዚያው ብዙ ቆየ።